የታችኛው መቀርቀሪያ

በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጓሮ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ቀጥሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የምትሠራ አንዲት ጠራዥ ነበረች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ጣቶቿን ሙጫ የማይለያቸው ሴት ነች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተበተነ መጽሐፍ ስትሰፋ፣ የተገነጠለ ሽፋን ስትለጥፍ ኖራለች። የሥራ ባልደረቦቿ ግን ጠራዥ አይሏትም። «መርማሪዋ» ነው የሚሏት።

ስሙ በከንቱ አልወጣላትም። መጽሐፍ ከአንባቢ ሲመለስ መጀመሪያ ታሸተዋለች፤ ቀጥላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዞረዋለች፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ትቆጥራለች። የሻይ ጠብታ ካገኘች የተዋሰውን ሰው ከካርዱ ላይ አይታ፣ በሚቀጥለው ሲመጣ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። አንድ ጊዜ የንባብ አዳራሹ አስተናባሪ በልደቷ ቀን አበባ ይዞላት ቢመጣ፣ «ምን አጥፍተህ ነው?» አለችው። ሰውየው ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ከመሰላል ላይ ጥሎ ጀርባውን እንደሰበረው ተናዘዘ። ከዚያ ወዲያ በጥርጣሬዋ የቀለደ ሰው የለም።

በአንድ ዓመት፣ ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰውን ሁሉ ያነጋገረ ልብ ወለድ መጣ። ርዕሱ «ከትናንት በስቲያ የሞተው ሰው» ይላል። የጻፈው ጡረታ የወጣ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድም መጽሐፍ ጽፎ አያውቅም። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አንዲት የዘመናችን አስከሬን መርማሪ ሐኪም በአንድ መዝገብ ቤት የብረት በር ገብታ በሌላው በኩል ስትወጣ፣ ራሷን ሰባ ዓመት ወደ ኋላ ታገኘዋለች። እዚያም አንድ ሰዓት ሠሪ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሞቷል። ሐኪሟ የዘመኑን ልብስ ለብሳ፣ የዘመኑን ሰው መስላ ትጠይቃለች፣ ታነፈንፋለች፣ በመጨረሻም ገዳዩን ትይዛለች።

በንባብ አዳራሹ በር ላይ አንባቢ ያሻውን የሚጽፍበት የአስተያየት ደብተር በገመድ ተንጠልጥሏል። ድሮ እዚያ ላይ የሚጻፈው «ወንበሩ ሲጢጥ ይላል» እና «መብራቱ ደካማ ነው» ነበር። አሁን ግን ደብተሩ የጦር ሜዳ ሆነ።

አንዱ፣ «ደስ የሚል መጽሐፍ ነው፤ ግን ሐኪሟ ሰባ ዓመት ወደ ኋላ ሄዳ የስልኳ ባትሪ አንድ ወር የቆየው በምን ተአምር ነው?» ብሎ ከሥሩ «የኤሌክትሪክ ሠራተኛ» ብሎ ፈረመ። አንዲት ነርስ ደግሞ፣ «ወደ ኋላ መሄድ ከቻለች አንድ ቀን ቀደም ብላ ሄዳ ሰውየውን አታድነውም ነበር? ሬሳ ለማየት ነው እንዴ የሄደችው?» አለች። «ገዳዩን በገጽ አርባ ላይ ነው ያወቅኩት» ያለም ነበር፤ ከሥሩ በሌላ እጅ «ዋሽተሃል» ተብሎ ተጽፎበታል። አንድ አስተማሪ የሁሉንም የፊደል ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ እያረመ ወረደ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በዚህ ሁሉ ተደስቶ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደራሲው በተገኘበት የአንባቢያን ውይይት ይደረጋል ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ።

ጠራዧ መጽሐፍ ትሰፋለች እንጂ ልብ ወለድ አታነብም። «ውሸት መሆኑን ራሱ የነገረኝን ሰው ምን ብዬ አዳምጠዋለሁ?» ትላለች። ነገር ግን መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር በሦስት ሳምንቱ ጀርባው ተሰነጠቀና ጠረጴዛዋ ላይ አረፈ። እንደ ልማዷ አሸተተችው፤ ገጹን ቆጠረች። ሦስት መቶ አራት፣ ሁሉም አለ። ስትቆጥር ግን ዓይኗ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተተከለ፦ «ክፍሉ ቀድሞ የእንጨት ማከማቻ ስለነበር፣ ሁለቱም መቀርቀሪያዎች በውጭ በኩል ነበሩ።»

መቁጠሩን ተወችው። ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ የመዝጊያው ደወል እስኪደወል ድረስ አልተቀመጠችም።

ይህ መጽሐፍ የቤቷን ገመና ነበር የሚያወራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቷ አናጢ ነበር። በአንድ ግቢ አብሮት የሚኖር ሰዓት ሠሪ ታናሽ ወንድም ነበረው። ከሰባ ዓመት በፊት፣ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ዝናብ ሲያወርድ በዋለበት ቀን፣ ታናሽየው ለብርዱ የከሰል ምድጃ ይዞ ወደ ጓሮው ክፍል ገባ፤ ከሰዓት በኋላ ሞቶ ተገኘ። ከሰሉ አፍኖታል። በሩ ግን በውጭ በኩል ተቀርቅሮ ነበር። ወንድማማቾቹ በዋዜማው ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል፤ ታናሽየው ቤቱን ለቅቄ እሄዳለሁ ሲል፣ ታላቅየው እግርህን እሰብረዋለሁ ሲል። በዚያን ቀን ደግሞ በግቢው ውስጥ የነበረ አዋቂ ሰው አናጢው ብቻ ነው። ፖሊስ ወሰደው። አሥራ አንድ ወር ታስሮ፣ በቂ ማስረጃ አልተገኘበትም ተብሎ ወጣ። ሕግ ለቀቀው እንጂ ሰፈሩ አልለቀቀውም።

ጠራዧ ተወልዳ ያደገችው በዚያ ቤት ነው። ጠባይዋንም ከሜዳ አላመጣችውም። ትምህርት ቤት «የገዳይ ልጅ ልጅ» ይሏት ነበር። አያቷ ከእስር የወጣ ዕለት የዚያን ክፍል በር ከማጠፊያው ነቅሎ ጓሮ አስደግፎት ነበር አሉ፤ ከዚያ ጀምሮ በክፍሉ ደጃፍ ላይ ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን አንድ ቀን እንጨት ሲልግ አጠገቡ ቆማ፣ «አባባ፣ ገድለኸዋል እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። መላጊያውን አቁሞ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ መላጉን ቀጠለ። «አልገደልኩም» አላለም። ከዚያን ቀን ወዲህ ከእሱ ጋር ብቻዋን በአንድ ክፍል ተቀምጣ አታውቅም። እሱ ሲሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

አሁን በቤቱ ውስጥ የሚኖሩት እሷና አክስቷ ናቸው። አክስቷ የአባቷ ታናሽ እህት ነች፤ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጠራዧን እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ነች። ከሁለት ወር በፊት የዓይን ሞራ ተገፎላት፣ «ትንሽ ብርሃን ብቻ ነው የማየው» ስለምትል ጠራዧ በየምሽቱ ጋዜጣ ታነብላታለች። በሁለቱ መካከል ያልተወራ ነገር የለም፤ ከዚያች ከአንዲቱ ቀን በስተቀር።

በልብ ወለዱ ውስጥ ገዳዩ ታላቅ ወንድም ነው። ገጽ መቶ አሥራ ሦስት ላይ፣ «እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ የላይኛውን መቀርቀሪያ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ ቀረቀረው» ይላል። ጠራዧ ይህን ስታነብ ፊቷ ጋለ። ዕድሜ ልኳን በሹክሹክታ የሰማችውን አሁን ሰው ሁሉ በአደባባይ እያነበበ በደብተር ላይ ይቀልድበታል። ማነው ለዚህ ሰውዬ የነገረው? ሐሙስ ዕለት ነበር፤ መጽሐፉን እዚያ ትታው መሄድ ስላላስቻላት በመሥሪያ ዕቃዋ ሥር ቀብራ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ቤት ወሰደችው። አክስቷ እንዳትሰማ ጀርባውን በድብቅ ለጥፋ፣ ሰኞ ዕለት መለሰችው። ያን ቀን ግን ገጹን አልቆጠረችም። ከራሷ እጅ የወጣውን ለምን ትቁጠር?

ረቡዕ ጠዋት አስተናባሪው ደብተሩን ይዞ እየሳቀ መጣ። «መርማሪዋ፣ ሥራ መጣልሽ።»

በደብተሩ ላይ፣ «ከገጽ 113 እስከ 116 የለም! ልክ ገዳዩ በሩ ላይ ሲደርስ! ማነው ይህን ግፍ የሠራ?» ይላል።

መጽሐፉን አስመጥታ አየችው። ሁለት ቅጠል ጎድሏል። አልተቀደደም፤ ከስፌቱ አጠገብ በአንድ ጉዞ ጥርት ብሎ ተቆርጧል። እንዲህ ያለ ቁርጥ የሚቆርጥ ስለት በዚያ ሕንፃ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእሷ ነው። ስለቱ ከቦርሳዋ ተለይቶ አያውቅም። ወደ ቤት ይዛው ትገባለች፤ ጠዋት ይዛው ትመጣለች።

«ክፍሌ ማን ገብቶ ነበር?» አለችው።

«እኔ ምን አውቄ?»

«ሽንት ቤት ስሄድ ማን ገባ?»

«ኧረ በስመ አብ! እኔ አንቺ ሽንት ቤት ስትሄጂ ስጠብቅ ነው እንዴ የምውለው?»

ደብተሩን እንደገና ስታየው ነበር ከቅሬታው ሥር የተጻፈውን ያስተዋለችው። ጽሑፉ ደቃቅ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ጥንቱ በየቃሉ መሐል ሁለት ነጥብ ያለበት ነው፦ «ደራሲው፡መቀርቀሪያውን፡አያውቀውም።የላይኛው፡ዝጎ፡ስለነበር፡ማንም፡አይነካውም፡ነበር።የተቀረቀረው፡የታችኛው፡ነው።»

ጠራዧ ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ይህን የጻፈው ሰው ስለ ልብ ወለድ አይደለም የሚያወራው። ስለ እነሱ በር ነው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የማትጠረጥረው ሰው አልነበረም። አስተናባሪውን ጠረጠረች፤ የእሱ ጽሑፍ ግን ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል ተወችው። ኃላፊውን ጠረጠረች፤ ኮሪደር ላይ ሲያልፍ ፈገግ ማለቱ አልጣማትም። የቆየችው ግን ደራሲው ላይ ነው። መጽሐፉ እንዲወራለት ራሱ ገጹን ቆርጦ፣ ራሱ በአሮጌ ሰው እጅ አስመስሎ ጽፎ ቢሆንስ? መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ሁለት ነጥብ አይጠፋውም።

ሐሙስ ዕለት ደራሲው አዳራሹን ለማየት መጣ። ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ዣንጥላውን በሁለት እጁ የያዘ ሰው ነው። ጠራዧ ባዶ ወረቀት ይዛ ቀረበችው።

«ጋሼ፣ ለማስታወሻ የሚሆን ሁለት መስመር ይጻፉልኝ።»

ሰውየው ደስ ብሎት ጻፈላት። ፊደሉ የተንጋደደ ነው፤ ሁለት ነጥብ የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

«ታሪኩን ከየት አመጡት?»

«ከመዝገብ ነው፣ እህቴ። አርባ ዓመት መዝገብ ጠብቄያለሁ። አንድ አሮጌ መዝገብ ነበር፤ ዝናብ ገብቶበት ሳደርቀው አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ያቺን ሐኪም የፈጠርኳት እኔ ራሴ ሄጄ ማየት ስላማረኝ ነው።»

«ሰዎቹ ቤተሰብ ይኖራቸዋል ብለው አላሰቡም?»

«ስማቸውን ቀይሬያለሁ እኮ። ደግሞ ሰባ ዓመት ሆነው። ማን ይቀራል ብለሽ ነው?»

«ሰው ይቀራል» አለችውና ጥላው ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ደብተሩ ላይ ሌላ ተጨመረ። ያው እጅ፣ ያው ሁለት ነጥብ፦ «ሐኪሟ፡ሁሉን፡አየች፡ይባላል።በዚያ፡ቤት፡ውስጥ፡ስንት፡ሰው፡እንደነበረ፡ግን፡አልቆጠረችም።»

አርብ ጠዋት ከሥራ በፊት ጠራዧ ወደ ጓሮ ወጣች። አሮጌው በር ከነእንጨት ክምሩ ግድግዳ ላይ እንደተደገፈ ነው። ማንም የነካው አይመስልም። ቆርቆሮውንና የተሰባበረውን ወንበር አንስታ አየችው። ሁለት መቀርቀሪያ አለው። የላይኛውን ብትጎትተው ዝገቱ ከእንጨቱ ጋር አጣብቆታል፤ ውስጡ የድሮ ቀለም ደርቆበታል፤ ከሰባ ዓመት በፊትም አይንቀሳቀስም ነበር። የታችኛው ጉልበቷ ጋ ነው። ጎንበስ ብላ ነካችው፤ ቀጭ ብሎ ተንሸራተተ። ጎንበስ ብሎ የሚቀረቅር ሰው ማነው? ለምንስ ጎንበስ ይላል? ዞሮ ዞሮ አያቷን ነፃ የሚያወጣ ነገር አላገኘችም። የላይኛው የማይሠራ ከሆነ፣ ያው አናጢው ጎንበስ ብሏል ማለት ነው።

ቁርስ ላይ አክስቷ፣ «ዛሬ የዓይን ክትትል አለኝ፤ ጎረቤታችን ያደርሰኛል» አለቻት። ጠራዧ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ስለነበር፣ «እሺ፣ በርቺ» ብላ ወጣች።

ያን ቀን ሙጫም መርፌም አልነካችም። በጋዜጣው መደርደሪያ ጀርባ ወንበር ስባ፣ በሁለት መደርደሪያ መሐል የአዳራሹን በር እያየች ተቀመጠች። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ ስለ ባትሪው ሌላ ግማሽ ገጽ ጻፈ። አስተማሪው መጥቶ አረመው። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል የምርኩዝ ኳኳታ ሰማች። ድምፁን ታውቀዋለች። «አይደረግም» አለች በልቧ።

አክስቷ ናት። የዝናብ ካፖርቷን ለብሳ፣ ግራ ቀኙን ቃኝታ፣ ደብተሩን ከተንጠለጠለበት አወረደች። መነጽር እንኳ አላወጣችም። ቆማ፣ የቀደሙትን አስተያየቶች አንድ በአንድ እያነበበች፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣች።

ጠራዧ ከኋላዋ ደርሳ ክንዷን ያዘቻት። አንዳቸውም አልጮኹም። እየመራች ወደ ጠባቧ ክፍል አስገባቻትና በሩን ገፋ አደረገችው።

«ዓይንሽ ያያል» አለቻት። ከነገሩ ሁሉ ቀድሞ አፏ ላይ የመጣው ይሄ ነበር።

«ያያል። ከወር በላይ ሆነው።»

«ታዲያ ጋዜጣውን...»

«ስታነቢልኝ ደስ ይለኛላ።»

«ቦርሳዬን ፈተሽሽ?»

«ፈተሽኩ። ያን ሐሙስ ቦርሳሽን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈሽ ገባሽ። እንዲህ የሚታቀፍ ነገር ሰላም አይደለም ብዬ ጠረጠርኩ። አንቺ ሱቅ ስትሄጂ አነበብኩት፤ ቅዳሜም እሑድም አነበብኩት። አባቴ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ የሚለው ጋ ስደርስ ዓይኔ ደም ለበሰ። ስለትሽ እዚያው ነበር።»

ከካፖርቷ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ቅጠሎች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ጠራዧ አላነሳቻቸውም።

«አክስቴ፣ መቀርቀሪያው የታችኛው እንደሆነ በምን አወቅሽ? ያኔ ስድስት ዓመትሽ ነበር። ጉንፋን ይዞሽ ተኝተሽ ነበር ነው የሚባለው።»

አክስቷ ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋደመች።

«አጎቴ በዚያን ቀን ሊሄድ ነበር። ሻንጣው በር ላይ ነበር። ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ሥራ ልጨርስ ብሎ ገባ። እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ የሚዞር ሰው ነበር፤ ከአባቴ በላይ ነበር የምወደው። እንዳይሄድብኝ ብዬ... በሩን ከዘጋሁት አይሄድም ብዬ... ቀረቀርኩት። የላይኛው አይደርሰኝማ። ከዚያ ሄጄ ተኛሁ። ስነቃ አባቴ አጎቴን ሲጣራ ሰማሁና ወጣሁ።»

ውጭ አስተናባሪው አንድን ሰው «ዝም በሉ» ሲል ይሰማል። ጠራዧ ተደግፋ የቆመችበትን የመጽሐፍ መጭመቂያ ጨብጣ ቀረች።

«አባባ ያውቅ ነበር?»

«በሩን የከፈተው እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ ከፍቶ ቀና ሲል ከኋላው ቆሜ አየኝ፤ ነገሩ ገባው። ሌላ ሰው ሳይመጣ አቅፎ ወደ አልጋዬ መለሰኝ። ከዚያ መጥተው ወሰዱት። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ልናገር ነው አልኩት። ‹እኔ ለምጄዋለሁ፤ አንቺ አትለምጂውም› አለኝ። እሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ ለማን ልንገረው? አንቺን እንዳላጣሽ ፈራሁ።»

«እኔ ጠይቄው ነበር እኮ» አለች ጠራዧ። «‹አልገደልኩም› ብሎኝ ቢሆን...»

«‹ታዲያ ማን ነው?› ትይዋለሻ። ያውቅሽ ነበር። ይቺ ልጅ ነገር ከያዘች አትለቅም ይል ነበር።»

ጠራዧ ፊቷን በሙጫ ጨርቅ ሸፍና አለቀሰች። ከአያቷ እየሸሸች የኖረችው አሥር ዓመት አንድ በአንድ መጣባት። ነገር ግን ሰው ጠባዩን በአንድ ቀን አይጥልም። አክስቷን ታክሲ ላይ አሳፍራ ስትመለስ አንድ ክፉ ሐሳብ ተከተላት፦ አክስቴ አባቷን ለማዳን ፈጥራው ቢሆንስ? ሰባ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ምን ታጣለች? ከሷ ከራሷ አፍ በቀር ምስክር የለ። በሐሳቡ አፈረች፤ ግን ከራሷ ላይ ልታባርረው አልቻለችም።

ማታ አክስቷ፣ «ቅዳሜ ውይይቱ ላይ እናገራለሁ» አለቻት። ጠራዧም «ተይ» አላለችም። ትናገር፤ መዝገቡን ያነበበው ሰው ምን እንደሚል እሷ ታያለች።

ቅዳሜ አርባ ያህል ሰው አዳራሹን ሞላው። ደራሲው ፊት ለፊት ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የባትሪውን ነገር አነሳ። ነርሷ፣ «ሐኪም ብትሆን ኖሮ ታድነው ነበር!» ብላ ተቆጣች። አስተማሪው የቃላት አጠቃቀም ላይ ሲደርስ ሰው ማዛጋት ጀመረ። ያኔ አክስቷ በምርኩዟ ተደግፋ ተነሳች።

«እኔም አስተያየት አለኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ገዳይ የለም። ቤቱ ውስጥ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። አጎቷ እንዳይሄድባት ብላ በሩን ቀረቀረችው፤ የታችኛውን፤ የላይኛው አይደርሳትም። ከሰሉን አታውቅም። አባቷ አውቆ፣ ስለ እሷ ዝም ብሎ ታሰረ።»

አዳራሹ አንድ ጊዜ ተንጫጫ።

«ኧረ ይሄ መጨረሻ ይሻላል!» አለች ነርሷ።

«ፍንጭ የለውም እኮ» አለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው። «ልጅቷ በመጽሐፉ ውስጥ የት አለች?»

«እማማ፣ እርስዎም መጻፍ ነበረብዎት» አለ አስተማሪው።

ጠራዧ ግን የምታየው ደራሲውን ብቻ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። ተነሥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ መጽሐፉን ይተዉት። መዝገቡ ላይ የትኛው መቀርቀሪያ ነው የሚለው?»

«የታችኛው» አለ ሰውየው። «የፖሊሱ ቃል፣ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ያለው ይላል። እኔ ነኝ የለወጥኩት። ገዳይ ጎንበስ ሲል አላማረኝም፤ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ ነው የታየኝ። የቤተሰቡ ዝርዝር ላይም... አንዲት ሴት ልጅ፣ ዕድሜ ስድስት፣ በሕመም የተኛች የሚል አለ። አላስፈለገችኝምና ተውኳት።»

ጠራዧ ተቀመጠች። ደረቷን ለዓመታት ተጭኖ የኖረ ነገር ሲነሳላት ተሰማት፤ በሱ ፈንታ የመጣው ደስታ ሳይሆን ድካም ነበር።

«ያቺ ልጅ እኔ ነኝ» አለች አክስቷ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ኮፍያውን አወለቀ። ነርሷ መጥታ ውሃ አቀበለቻት። ደራሲው ዣንጥላውን ወንበር ላይ ትቶ ወረደና ፊቷ ቆሞ እጅ ነሣት።

«መጽሐፉ መጥፎ አይደለም» አለችው አክስቷ። «ዝናቡን አሳምረው ጽፈውታል፤ ልክ እንደዚያ ነበር የዘነበው። አባቴን ግን ያስተካክሉልኝ።»

በሁለተኛው ኅትመት አስተካከለው፤ ግን ያ የሆነው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ሰፈሩም ሁሉ አላመነም፤ «አባቷን ለማንጻት ነው» ያለ አልጠፋም፤ ጠራዧ እሷም ለአንድ ቀን ያንኑ ስላሰበች አልተቀየመቻቸውም።

በዚያ ቅዳሜ ግን ሁለቱ በአውቶቡስ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ጠራዧ አንድ ነገር ትዝ አላት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰውየውን አሟሟት ስታውጠነጥን ስለ ኑሮው ምንም አታውቅም። «ሟቹ» ነበር ስሙ።

«እንዴት ያለ ሰው ነበር?» አለቻት።

አክስቷ ከመስኮቱ ዞረች። ይህን የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። «አጎቴ? እንዴ! ድመት ይፈራ ነበር። ጢሙን ሲላጭ ይዘፍናል፤ ዜማ ግን ወግድ ብሎታል። ግራኝ ነበር። በአንዱ እግሩ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ካልሲ ነበር የሚያደርገው፤ አባቴ በዚያ ይበሳጭ ነበር። የሚስቀው በአፍንጫው ነው።»

ተከታትሎ መጣላት፤ ጠራዧም ስትጠይቅ፣ ስትጠይቅ፣ መውረጃቸውን አለፉት፤ ሁለቱም አላወቁም።

«ሰዓት ሠሪ አይደል፤ መቼም ሰዓት አክባሪ ነበር» አለች ጠራዧ።

«ኧረ ምን በወጣው!» አለች አክስቷ እየሳቀች። «አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም።»